ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት፦ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት የቧንቧ ጥገና መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤቴ የውሃ ሒሳብ በአንድ ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። የጠራሁት ቧንቧ ሠራተኛ መታጠቢያ ቤቱን ግራና ቀኝ ካየ በኋላ ችግሩ ከሴራሚኩ ሥር ነው ብሎ ፈረደ፤ መዶሻና መሮ ይዞ ግማሽ ቀን ሲፈረፍር ውሎ ከደረቅ ሲሚንቶ በቀር አንዲት ጠብታ እንኳ አላገኘም። ውሃው፣ በኋላ እንደታወቀው፣ ያለ ድምፅ ሲሄድ የነበረው በሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሥር በምትገኝ አንዲት ያረጀች ጎማ በኩል ነው። ጎማዋን ለመቀየር ሩብ ሰዓት በቂ ነበር፤ የፈረሰውን ሴራሚክ የሚመስል ግን ገበያ ላይ ስላልተገኘ የመታጠቢያ ቤቴ ወለል እስከ ዛሬ ድረስ ሁለት ዓይነት ቀለም አለው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአዲስ አበባና ውሃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ሌሎች ከተሞች ቤት ላላቸው ሰዎች ነው። ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ውሃ ላለው ቤት የተዘጋጀ ምክር ለእኛ ግማሹ ብቻ ይሠራል፤ ምክንያቱም የእኛ መስመር በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ አየር ይገባዋል፣ ከዚያም በድንገት በሙሉ ግፊት ይመታል። ጎማው ቶሎ የሚያልቀው፣ ወንፊቱ በደለል የሚደፈነው፣ ቦይለሩም ባዶውን የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መሙላትና መጉደል ምክንያት ነው።

የውሃውን መንገድ ማወቅ

ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ውሃው ወደ ቤትዎ የሚገባበትን መንገድ በእግርዎ ተከትለው ይዩት። አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ የመጣው ቧንቧ በቆጣሪው ውስጥ ያልፋል፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ ዋናው መዝጊያ አለ፤ ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ግቢ ቧንቧ፣ ሌላው ወደ ሮቶው ይወጣል፤ ከሮቶው ሥር የሚነሳው መስመር ደግሞ ወደ ማዕድ ቤት፣ ወደ መታጠቢያ ቤትና ወደ ቦይለር ይከፋፈላል። አንዳንድ ቤት ውስጥ ሮቶውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቤት የሚገባ መስመርም ይኖራል፤ ይህ መስመር ካለ መዝጊያው የት እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ሮቶውን ዘግተው ሳለ ውሃው በዚያ በኩል ሊመጣ ይችላል።

መዝጊያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ረጅም እጀታ ያለው መዝጊያ እጀታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ሲሆን ክፍት፣ ቧንቧውን አቋርጦ ሲቆም ዝግ ነው። ክብ መዘውር ያለው፣ ባለሙያዎች ሳራችኔስካ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ዞሮ የሚዘጋ ሲሆን ለዓመታት ሳይነካ ከቆየ ይደርቅና በሚያስፈልግበት ቀን አልዞርም ይላል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይዝጉት፣ መልሰው ይክፈቱት፤ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላም ሩብ ዙር ያህል ወደ ኋላ ይመልሱት፣ እንዳይጣበቅ ይረዳዋል። በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ምን እንደሚዘጋ የሚገልጽ ምልክት በጥፍር ቀለም ይጻፉ። ቀለሙ በውሃ አይለቅም፤ እርስዎ በሌሉበት ቀን ቧንቧ ቢፈነዳ የቤት ሠራተኛዋም ሆነች ልጆቹ የትኛውን እንደሚዘጉ ያውቃሉ።

ፍሳሹ የት እንዳለ በመለካት መለየት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ሮቶ ያለው ቤት በሁለት የተለያዩ መስመሮች የተከፈለ ስለሆነ የቆጣሪ ፍተሻ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለውና ከሮቶ እስከ ቤት ያለው ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው።

የመጀመሪያው ፍተሻ የሚደረገው ውሃ በመጣበት ቀን ነው፦

1. የሮቶውን ማስገቢያ መዝጊያ ይዝጉ። ይህ ካልተደረገ ሮቶው እየሞላ ስለሆነ ቆጣሪው ያለ ፍሳሽም ይዞራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።
2. የግቢ ቧንቧዎችንና ቀጥታ መስመሩን ይዝጉ።
3. የቆጣሪውን ክዳን ከፍተው ትንሿን ቀይ ወይም ጥቁር መዘውር ይመልከቱ። ይህች መዘውር ለጥቂት ጠብታም ስለምትዞር ቆማ ከታየች መስመሩ ደህና ነው።
4. እርግጠኛ ካልሆኑ ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ያወዳድሩ። በአብዛኛው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኩብ፣ ቀዮቹ ደግሞ የሜትር ኩብ ክፍልፋይ ናቸው፤ 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው።

ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ ፍሳሹ ከመሬት በታች፣ በቆጣሪውና በሮቶው መካከል ነው። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ በበጋ ሣር የለመለመበትን ወይም ኮብልስቶኑ ጎድጎድ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ቁፋሮውም ከዚያ ይጀመር። ፍሳሹ ከቆጣሪው በፊት ባለው መስመር ላይ ከሆነ ግን ማስታወቅ ያለብዎት ለከተማዎ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ነው፤ በራስዎ አይንኩት።

ሁለተኛው ፍተሻ በሌሊት ይደረጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ከታጠበ በኋላ የሮቶው ማስገቢያ ይዘጋል፣ ንጹሕና ደረቅ የሸንበቆ ዘንግ እስከ ሮቶው ወለል ድረስ ይገባና ውሃው ያረጠበው ቦታ በእስክሪብቶ ይሠመራል። በዚያ ሌሊት ማንም ውሃ አይከፍትም፣ ሽንት ቤትም በባልዲ ይደፋበታል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ዘንጉ እንደገና ይገባል። የክቡ ሮቶ የጎን ለጎን ስፋት 1.1 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 9.5 ሊትር ያህል ነው፤ በ8 ሰዓት ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ ወደ 47 ሊትር፣ በአንድ ቀን ሙሉ ሲሰላ ደግሞ ወደ 142 ሊትር ሄዷል ማለት ነው። በወር ከ4 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል።

ሮቶው ከጎደለ አሁንም መሮ አይነሳም። የእያንዳንዱን ክፍል መዝጊያ በየተራ ዘግተው በሚቀጥሉት ሌሊቶች ፍተሻውን ይድገሙ፤ የመታጠቢያ ቤቱ መዝጊያ በተዘጋበት ሌሊት መጉደሉ ካቆመ ፍሳሹ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽንት ቤቱ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም።

የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ

የማጠራቀሚያውን ክዳን ያንሱና ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ኩባያ ይጨምሩበት። ለግማሽ ሰዓት ማንም ውሃ አይልቀቅ። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ከታች ያለው ጎማ ያሳልፋል። ሳህኑ ሳይቀላ ከማጠራቀሚያው ሥር ወለሉ ላይ እርጥበት ከታየ ደግሞ ማጠራቀሚያውን ከሳህኑ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ጎማ ወይም የመግቢያው ማሰሪያ ላልቷል።

ጎማውን ለመቀየር ከማጠራቀሚያው ጎን ያለውን ትንሽ መዝጊያ ይዝጉ፣ ውሃውን ይልቀቁና ቀሪውን በጨርቅ ያድርቁ። የማስለቀቂያው ማማ በአብዛኛው ሩብ ዙር ወደ ግራ ሲዞር ይነቀላል። ጎማውን ከግርጌው ያውጡና ከመጣልዎ በፊት በጣትዎ ይዳስሱት፤ ዳር ዳሩ ጠንክሮ ወይም ተሰንጥቆ ካልሆነ፣ ነገር ግን ደለል ብቻ ከያዘ፣ አጥበው ገልብጠው መልሰው ሊያስገቡት ይችላሉ። የተቀመጠበትን የፕላስቲክ አፍም በስፖንጅ ያጽዱ፤ በአሸዋ የተፋቀ አፍ ላይ አዲስ ጎማ ቢቀመጥም ያሳልፋል። አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ወደ ሳኒተሪ ሱቅ ይሂዱ፣ ምክንያቱም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በግምት የተገዛው ብዙ ጊዜ ተመላሽ ይሆናል።

ውሃው ያለማቋረጥ የሚሰማ ከሆነ ግን ጥፋቱ የላይኛው ተንሳፋፊ ነው። ተንሳፋፊው ከውሃው ጋር ወጥቶ መግቢያውን መዝጋት ሲገባው ግድግዳ ነክቶ ይቀራል፣ ወይም ከፍታው በጣም ስለላቀ ውሃው በትርፍ መውጫው በኩል ይፈሳል። የከፍታ ማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ አዙረው ውሃው ከትርፍ መውጫው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ

ጠብታን ንቆ የሚተው ሰው ከሥሩ ብርጭቆ ያስቀምጥ። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በሩብ ሰዓት ከሞላ በቀን 24 ሊትር፣ በወር 720 ሊትር እየሄደ ነው።

ብዙ ጊዜ ተዟዙሮ የሚዘጋው የድሮ ዓይነት ቧንቧ ውስጡ የጎማ መዝጊያ አለው። ውሃው ይዘጋል፣ የመዘውሩ ክዳን ይነሳል፣ ግንዱ በተስተካካይ ቁልፍ ይፈታል፣ ከጫፉ ያለችው ጎማ ትቀየራለች። ቧንቧው ሲንጠባጠብ በኃይል አጥብቆ መዝጋት የተለመደ ቢሆንም ጎማውን ከመጨረሱም በላይ የሚያርፍበትን የነሐስ አፍ ይበላዋል፤ አፉ ከተበላ ደግሞ ጎማ መቀየር ብቻውን አያድነውም። በአንድ ምላስ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሠራው ዘመናዊ ቧንቧ ውስጡ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች ያሉት ልብ አለው፤ ይህ አይጠገንም፣ ሙሉው ይቀየራል። የሚበላሸውም በአብዛኛው ውሃ ሲመለስ በሚመጣው አሸዋ ነው።

የብረት ጥርስ ያለው ማያያዣ ሲታሰር ቴፍሎኑ፣ ማለትም ውሃ እንዳያሳልፍ ጥርሱ ላይ የሚደረበው ስስ ጥቅል፣ የሚጠቀለልበት አቅጣጫ ሥራውን ይወስነዋል። ጥርሱን ፊት ለፊትዎ ይዘው ቴፍሎኑን እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ፣ እየወጠሩ፣ ከጫፉ ጀምሮ ይጠቅልሉ፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ማያያዣው ሲጠብቅ ቴፍሎኑ ተገፎ ይወጣል። የአሮጌው ቴፍሎን ቅሪት በሽቦ ብሩሽ ሳይነሳ አዲስ መደረብ የለበትም። በወፍራም የብረት ቧንቧ ላይ እኔ ከቴፍሎን ይልቅ ቃጫና ማጣበቂያ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቃጫ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ በፕላስቲክ ጥርስ ላይ ግን ቃጫ ማብዛት ሴቷን፣ ጥርሷ በውስጧ ያለውን፣ ማያያዣ ይሰነጥቃታል።

ከላቫንዲኖና ከሽንት ቤት ሥር ያሉት ተጣጣፊ ቱቦዎች በዓመት ሁለት ጊዜ በባትሪ መብራት ይታዩ። የብረት ሽሩባው ዝጎ ወይም ተበጥሶ ከታየ ያለ ተጨማሪ ምልክት ይቀየር፤ እነዚህ ቱቦዎች በጠብታ አያስጠነቅቁም፣ በአንዴ ይፈነዳሉ።

ውሃ ሲሄድና ሲመለስ

አንድ ቀን የማዕድ ቤቱ ቀጥታ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ ስላልመጣ እንደተከፈተ ተረስቶ ቀረ። ውሃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ፤ የሲንኩ መውጫ ላይ ደግሞ የታጠበ ጎመን ተቀምጦ ነበር። ስንነሳ የሳሎኑ ምንጣፍ ከዳር እስከ ዳር ርሶ፣ የእህል ማዳበሪያው ከሥሩ አብጦ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያለው ሕግ ቀላል ነው፦ ውሃ የሌለውን ቧንቧ የከፈተ ሰው እጁን ከቧንቧው ሳያነሳ መልሶ ይዘጋል።

ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ደለልና ዝገት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የሮቶው ማስገቢያ ዝግ እንደሆነ ዝቅተኛ ቦታ ያለውን የግቢ ቧንቧ ይክፈቱ፣ በነጭ ባልዲ ውስጥ ቀለሙን ይመልከቱ፣ ሲጠራ ብቻ ወደ ሮቶው ይልቀቁ። የመጀመሪያው ባልዲ ለግቢ ማጠቢያ ወይም ለአትክልት ይሆናል። ውሃው ሌሊት በሚመጣበት ሰፈር ይህን ለመጠበቅ ማንም እንቅልፍ ላያጣ ይችላል፤ ለዚያ ሰፈር ከሮቶው ማስገቢያ በፊት የሚታጠብ የወንፊት ማጣሪያ ማስገባት የተሻለ ነው።

መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ቧንቧው ወደ ኋላ ሊስብ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። የጎማ ቱቦ ጫፉ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ተዘፍቆ ከቀረ የሳሙናው ውሃ ወደ መጠጥ መስመሩ ሊገባ ይችላል። የቱቦው ጫፍ ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ይሁን፤ ከቆጣሪው ቀጥሎም ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ያስገቡ። በፓምፕ ከመንገዱ መስመር በቀጥታ መሳብ የባሰ ጥፋት ነው፤ የጎረቤትን ድርሻ ከመቀማቱም በላይ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ከመሬት ቆሻሻ ይስባል። ፓምፕ የሚስበው ከሮቶ ወይም ከመሬት ውስጥ ታንከር ብቻ ነው።

ሮቶው ተሟጥጦ ከቆየ በኋላ ሲሞላ አንዳንዱ ቧንቧ፣ በተለይ የሙቅ ውሃው፣ ተንፍሶ ዝም ሊል ይችላል። አየር ተቋጥሮበት ነው። ከታችኛው ፎቅ ጀምረው ቧንቧዎቹን ሁሉ በግማሽ ይክፈቱ፣ መትፋታቸውን ትተው ወጥ በሆነ መንገድ ሲፈስሱ ከታች ወደ ላይ በየተራ ይዝጉ።

ሮቶው

1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ የተሸከመው የብረት ቆጥ ከእግሩ ሥር ዝጎ እንደሆነ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ያረጋግጡ፤ ቀለም የሸፈነውን ዝገት በመዶሻ መታ መታ አድርገው ይስሙት፣ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ክዳኑ የሚገጥም፣ የትርፍ ውሃ መውጫውም በወንፊት የተሸፈነ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ትንኝና ወፍ መግቢያ ያገኛሉ።

ሮቶው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢታጠብ መልካም ነው። ውሃው ሊያልቅ ሲል ማስገቢያውን ዘግተው ቀሪውን ከደለሉ ጋር በማጽጃው መውጫ ያስወጡ፣ ግድግዳውን በረጅም እጀታ ብሩሽ ያለ ሳሙና ይፈትጉ፣ ያለቅልቁ። ከዚያም ሮቶውን ሞልተው 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር 1 ሊትር ይጨምሩ፤ የክሎሪኑ መቶኛ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እያንዳንዱ ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪያመጣ ይከፈትና ይዘጋል፣ ውሃው አድሮ በማግሥቱ ሙሉ በሙሉ ይፈሳል። ያ ውሃ ለመጠጥም፣ ለምግብም፣ ለአትክልትም አይሆንም፤ የቦይለሩ ማብሪያም በዚያ ሌሊት ይጥፋ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይደረግ። ወደ ትልቅ ሮቶ ወይም ወደ መሬት ውስጥ ታንከር የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አፉ ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይገባል።

ቦይለር

በፈረቃ ውሃ ቦይለርን የሚገድለው ዋናው ነገር ባዶውን መብራት ነው። ውሃ ከጠፋ ማብሪያውን ያጥፉ፤ ከተመለሰ በኋላም መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው ሳይቆራረጥ መፍሰሱን ካዩ በኋላ ብቻ ያብሩ። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ የደህንነት ቫልቭ ሁለት ሥራ አላት፦ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች፣ ግፊት ሲበዛም ታስተነፍሳለች። ባለ 80 ሊትር ቦይለር ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ውሃው ወደ 1.4 ሊትር ያህል ስለሚሰፋ ቫልቯ ስታንጠባጥብ ብልሽት ነው ብሎ አፏን በቡሽ መድፈን ቦይለሩን ወደ ፈንጂ መለወጥ ነው። ሰዎች ይህን ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቫልቯ ቦይለሩ ሲሞቅ ብቻ ሳይሆን ሌት ተቀን የምታፈስ ከሆነ ግን ትቀየር።

ውስጡን መክፈት፣ ማሞቂያውን ከኖራ መሰል ቅርፊት ማጽዳትና ዝገት የሚከላከለውን የማግኒዚየም ዘንግ መቀየር በየሁለት ዓመቱ ቢደረግ ይመከራል። ይህን ለባለሙያ ይተዉ፤ እርስዎ የሚያረጋግጡት የመሬት ሽቦው መታሰሩን ነው። ውሃ ሲነኩ መንዘር የሚሰማዎት ከሆነ ማብሪያውን ሳይሆን ዋናውን ብሬከር ያጥፉና እስኪጠገን ድረስ ማንም አይታጠብበት።

መዘጋትና ሽታ

የእኛን ማዕድ ቤት መውጫ የሚዘጋው የቡና አተላ፣ የቀለጠ ቅቤና የሊጥ ዕቃ እጣቢ ነው። ቅቤው ሙቅ ሆኖ ይገባል፣ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል፤ አተላውና ሊጡ እሱ ላይ ይለጠፋሉ። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ፣ አተላ ለአበባ ማሰሮ ይደፋ፣ የሊጥ እጣቢም ግቢ ላለው ሰው ግቢ ይፍሰስ።

መውጫው ከተዘጋ መጀመሪያ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው ሲፎኑን፣ ማለትም ከሲንኩ ሥር ያለውን የታጠፈ ቧንቧ፣ በእጅዎ ይፍቱ፤ አብዛኛው እገዳ እዚያው ታጥፎ ይገኛል። ሲፎኑ ንጹሕ ከሆነ መልሰው ያስሩና የትርፍ መውጫውን በእርጥብ ጨርቅ ደፍነው በጎማ መምጠጫ ይሳቡ፤ ጨርቁ ካልተደፈነ የሚሳበው አየር ብቻ ነው። የፈላ ውሃ መድፋት የተለመደ ቢሆንም የፒቪሲ ቧንቧ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚላላ በመሆኑ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። አሲድ የመጨረሻ አማራጭ እንኳ ባይሆን እመርጣለሁ፤ እገዳውን ካልበጠሰ የሚቀጥለው ባለሙያ ፊት ላይ የሚፈናጠረው እሱ ነው።

ለጥቂት ሳምንታት ሰው ያልገባበት መታጠቢያ ቤት ሲሸት ችግሩ ብዙ ጊዜ የወለሉ መውጫ መድረቁ ነው፤ ጋዙን የሚያግደው ሲፎን ውስጥ የተኛው ውሃ ተንኗል። ሁለት ሊትር ውሃ ይድፉበት። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው በላዩ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቢጨምር ውሃው ቶሎ አይተንንም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፍሳሽ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ቁመቱን የሚወርደው ቧንቧ የጋራ ስለሆነ ታች ሲዘጋ የላይ ቤቶች ውሃ በመሬት ቤቱ ወለል ይወጣል። ያን ጊዜ የላይ ጎረቤቶች ውሃ እንዳይደፉ ይለመኑ፣ ውጭ ያለው ፖዜቶ (የፍሳሽ መስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) ይከፈት፤ ሞልቶ ከተገኘ እገዳው ከእሱ በታች፣ ባዶ ከሆነ ከእሱ በላይ ነው። የራሱ የፍሳሽ ጉድጓድ ያለው ቤት የጣሪያ ውሃን ወደዚያ ጉድጓድ መልቀቅ የለበትም፤ በሐምሌ ሁለት ሳምንት ዝናብ ይሞላዋል። ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ለምንም ምክንያት ሰው አይግባ፣ ጋዙ በደቂቃዎች ይገድላል።

ግፊት ሲያንስ

አንድ ቧንቧ ብቻ ከደከመ ከአፉ ያለችውን ወንፊት ፈትተው በአቼቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያበቃል። ሁሉም ከደከሙ ደግሞ የሮቶውን ከፍታ ያስሉ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚያገኙት 0.3 ባር ነው፣ ቧንቧ ቢቀየር እንኳ ከዚህ አይበልጥም። ያለው ምርጫ ቆጡን ማስረዘም ወይም የግፊት ፓምፕ ማስገባት ነው። ማንም ውሃ ሳይከፍት ሌሊት በየጥቂት ደቂቃው የሚነሳ ፓምፕ ካለ ከሮቶ በኋላ ያለው መስመር እንደሚያፈስ እየነገረዎት ነው።

ባለሙያ ሲጠሩ

የፍተሻውን ውጤት በቁጥር ይንገሩት፦ ቆጣሪው ቆሟል፣ ሮቶው በሌሊት 5 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል፣ መታጠቢያ ቤቱ ሲዘጋ አይጎድልም። ይህን የሰማ ጥሩ ሠራተኛ ወዲያው ወደ ቦታው ይሄዳል፤ ሳይሰማዎት መሮ የሚያነሳውን ያሰናብቱ። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በሙጫ አይጠገንም፣ በ260 ዲግሪ ማሽን ይበየዳል፤ ማሽን ሳይዝ የመጣም ሥራውን አይጀምር።

ግድግዳ መክፈት የግድ ከሆነም ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አዲሱ መስመር በግፊት መፈተሻ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ፣ የመለኪያውም ዘንግ እንዳልወረደ አብረው ይዩት። ሁለተኛ፣ የተከፈተውን ግድግዳ ሜትር ዘርግተው፣ ከወለሉና ከማዕዘኑ ያለው ርቀት በሚነበብበት ሁኔታ ፎቶ አንሱት። የሚቀጥለው ሠራተኛ፣ መስታወት ለመስቀል ግድግዳውን የሚበሳውም ጭምር፣ ያን ፎቶ አይቶ መሰርሰሪያውን ያነሳል።